የማን ልጅ ነህ?

(ወደ ከተማችን ስለሚመጡ እንግዶችና ስለ ካቶሊካዊት ቁምስና አቀባበል፣ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የውይይት ክፍል እንድንናገርበት የሰጠን ርእስ «እንግዳ በአዲስ አገር» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ምሽት አይዘለቅም። ስለዚህ እኛ ጠበብ አድርገን በቅርብ በምናውቀው ነገር ላይ ለመናገር መርጠናል፤ ይኸውም ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚመጣ አንድ ካቶሊካዊ ምእመን በቁምስናው ሕይወት ውስጥ እንዴት ይገባል፣ የሚያስገባውስ ማን ነው የሚለው ነው። ከመካከላችሁ የሚበዙት ካቶሊክ እንዳልሆኑ እናውቃለን። ዩኒቨርሲቲያችንም የመንግሥት እንደ መሆኑ መጠን ከሃይማኖት የተለየ ነውና እዚህ የቆምነው ለመስበክ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ትንሽ ማኅበር ላይ የሚታየው ችግር በትልቁም ማኅበር ላይ አለ ብለን እናምናለን፤ መስጊድ የሚሄደውም፣ ደብር የሚሳለመውም፣ ጸሎት ቤት የሚሰበሰበውም ጓደኛችን የራሱን ነገር ሳያገኝበት አይቀርም።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥራችን እንናገር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ መካከል ካቶሊክ ሆኖ የተቆጠረው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ 0.7 ከመቶ ነበር። በጉራጌ ዞን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ሙስሊም፣ ከቀረውም የሚበዛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነበር። ያን ጊዜ ወልቂጤና ቡታጅራ በአንድ ዞን ሥር ነበሩ፤ ዛሬ ሁለቱም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሆነው ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ናት። እንግዲህ እኛ ከጥቂቶች መካከል ጥቂቶች ነን። ጥቂት መሆን ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው። ጥቂቶች ይፋቀራሉ፤ ሁሉም ሁሉን በስም፣ በአባት፣ በአያት፣ በሰፈር ያውቃል። በዚያው መጠን አዲስ ፊት ሲመጣ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ሌላው ያውቀዋል ብሎ ያስባልና።

የጉራጌ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የዩኒቨርሲቲው ልጅ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው በጉብሬ ሥራውን የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ከካፑቺን ሚሲዮናውያን ዘመን ጀምራ በቸሃና በአካባቢው ገበሬዎች ቤት ሥር የሰደደች ናት። ቀድሞ በአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ሥር ነበረች፤ በኅዳር 1996 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ የእምድብርን ሀገረ ስብከት ሲያቋቁሙ ራሷን ቻለች። የመጀመሪያው ጳጳስም ከካፑቺን ማኅበር የነበሩት አቡነ ሙሴ ገብረ ጊዮርጊስ ሆኑ። መንበሩ በእምድብር የቅዱስ እንጦንስ ካቴድራል ነው። ይህን የምንናገረው ታሪክ ለማስጠናት ሳይሆን አንድ ነገር ለማስታወስ ነው፤ የቁምስናዎቹ ሕዝብ የእንሰት ገበሬ ሕዝብ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጥሩ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሎች አብረው የተጠመቁ፣ አብረው የተዳሩ፣ በአንድ ጀፎረ ላይ ከብት ያገዱ ናቸው። በእነርሱ መካከል ገብቶ መቀመጥ ለእንግዳ ቀላል አይደለም። ማንም አልከለከለውም፤ ቦታ ግን የለውም።

እንግዳውስ ማን ነው? በወልቂጤ በኩል ዋናው ተማሪ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የአዲግራቱን ልጅ፣ የወላይታውን፣ የከምባታውን፣ የጋምቤላውን፣ የአዲስ አበባውን ሰብስቦ በአንድ ማደሪያ ያስገባቸዋል። በቡታጅራ በኩል ደግሞ ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ይበዛል። የጉራጌ ልጅ ራሱ እንኳ አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ነው። የክስታኔ ልጅ ወደ እምድብር ወረድ ቢል የቸሃን አነጋገር እንደ ልቡ አይሰማም፤ መስቃንም የራሱ ቋንቋ አለው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ እርሱ ጉራጊኛ አንድ ይመስለዋል።

የካቶሊኩ እንግዳ ደግሞ ሌላው የማያውቀው አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በአገራችን በሁለት ሥርዓት ትጸልያለች። አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብር፣ ባሕር ዳርና ደሴ የግእዝ ሥርዓት ይከተላሉ፤ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ መቂ፣ ሐዋሳ፣ ጋምቤላ፣ ነቀምትና ሌሎቹም የላቲን ሥርዓት ናቸው። እንግዲህ ከሶዶ የመጣ ልጅ ካደገበት ቅዳሴ ተለይቶ ወደ ግእዙ ቅዳሴ ሲገባ ዲያቆኑ ሲያዝዝ ሌላው ይነሣል፣ እርሱ ይቀመጣል፤ ሌላው ይሰግዳል፣ እርሱ ይቆማል። መልሱን ሕዝቡ በቃሉ ሲያሰማ እርሱ ዝም ይላል። ሃይማኖቱ አንድ፣ ጳጳሱ አንድ፣ ቁርባኑ አንድ ሆኖ ሳለ በገዛ ቤቱ ባዕድ ሆኖ ይወጣል። አንድ የወላይታ ጓደኛችን «ሦስት እሑድ ከሌሎች ጀርባ ሆኜ፣ ሲነሡ እየተነሣሁ፣ ሲቀመጡ እየተቀመጥሁ ኳስ እንደማያውቅ ተመልካች ሆንሁ» ብሎን ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ይህን አስቀድማ አስባበታለች። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ያወጣው ድንጋጌ የተፈረመው ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ የሚካኤል ዕለት መሆኑ ነው። በዚያ ድንጋጌ መሠረት እያንዳንዱ ምእመን በየትም ቦታ ቢሆን የራሱን ሥርዓት ይይዛል እንጂ ተለውጥ አይባልም። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ግን የጾሙንና የበዓሉን ነገር በሚኖርበት ቦታ ልማድ ሊፈጽም ይችላል። ልብ በሉ፤ አስተናጋጁን «የእንግዳውን አትንጠቀው» አለው፤ እንግዳውን ደግሞ «ከባለቤቱ ጋር ብትበላ አይከፋም» አለው። የሕጉ ነገር በዚህ አልቋል ማለት ይቻላል። የጎደለው ከቅዳሴ በኋላ አጠገቡ ሆኖ «ይህ ስግደት ለዚህ ነው፤ መልሱ እንዲህ ነው፤ መጽሐፉን እኔ ጋ ተመልከት» የሚለው አንድ ሰው ነው።

በቅዳሴው ላይ ሌላም ያሰብነው ነገር አለ። ከጥንት ጀምሮ በግእዙ ቅዳሴ ገና ለጥምቀት የሚዘጋጁት «ንዑሰ ክርስቲያን» ተብለው በስም ይጠራሉ፤ የሚቆዩበት ጊዜ አላቸው፤ የሚወጡበት ጊዜም አላቸው። ያልተጠመቀው አዲስ ሰው በሥርዓቱ ውስጥ ስምና ቦታ አለው ማለት ነው። ተጠምቆ፣ ቆርቦ፣ ከሌላ አገር የመጣው ግን መጠሪያ የለውም። በቁምስናው መዝገብ ቤት የጥምቀት መዝገብ አለ፤ የጋብቻ መዝገብ አለ፤ የሙታን መዝገብ አለ። የገቢ እንግዳ መዝገብ ግን አላየንም። በዚህ ረገድ ቡታጅራ አንድ የምታስተምረው ነገር አላት። ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሰዎች በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሕዝቡን ጤና ሲያጠኑ፣ መዝጋቢዎቻቸው ከቤት ቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወጣ፣ ማን ገባ እያሉ ይጽፉ ነበር። ለጥናት ሲባል ገቢው ከተመዘገበ፣ ለፍቅር ሲባል ለምን አይመዘገብም?

አሁን ወደ ርእሳችን ወደ ጥያቄው እንምጣ። አንድ ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አዲስ ወጣት ሲያዩ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። በገጠር ይህ የፍቅር ጥያቄ ነው፤ የአባቱ ስም ሲነገር «እንዴ! የእገሌ ልጅ ነህ? አባትህ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ነው የተዳረ!» ይባላል፤ ቡናም ይጠራል። ነገር ግን መልሱን ለማያውቁት ሰው ጥያቄው በሩን ይዘጋዋል። ከአዲግራት የመጣው ልጅ የአባቱን ስም ቢናገር ማን ያውቀዋል? «እሺ፣ እሺ» ተብሎ ወሬው በዚያው ይቀራል። ሽማግሌው ልጁን አልናቁትም፤ የሚይዙበት ጫፍ አጥተው ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ጥያቄው ሌላ ጥላ አጥልቶበታል። በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች መሞታቸውን፣ አያሌዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው መመለሳቸውን እናስታውሳለን። ታላላቆቻችን ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ናቸው፤ እኛም ገና ተማሪ ቤት ሳለን ሬዲዮው ሲናገር እናታችን ድምፁን ስትቀንስ አይተናል። ከዚያ ወዲህ «ከየት ነህ? የማን ወገን ነህ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ወጣቱ አስቀድሞ የጠያቂውን ዓይን ያያል። ለፍቅር ነው ወይስ ለሌላ? እንዲህ ያለ ፍርሃት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ ይከተለዋል። ሽማግሌዎቻችን ይህን ፍርሃት አያውቁትም፤ ቢነገራቸው ግን የሚያዝኑ ይመስለናል።

ስለ እንግድነት የጉራጌን ሕዝብ ማስተማር አይቻልም ይባላል፤ እውነት ነው። አንድ ልጅ ከእዣ ወይም ከሙህር ተነሥቶ መርካቶ ሲደርስ የሚያርፍበት የዘመድ ቤት፣ ሊስትሮውን የሚገዛለት የአገር ልጅ፣ ጥቂት ሲይዝ የሚያስገባው ዕቁብ ነበረው። ዛሬም አለው። ያ ሥርዓት ስንቱን ነጋዴና ስንቱን ምሁር አፈራ! በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበሩት የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የአገራቸውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር ማቋቋማቸውም የዚያው መንፈስ ፍሬ ነው። በመስቀል ሰሞን መናኸሪያውን ያየ ሰው ምን ማለታችን እንደሆነ ያውቃል። ይሁንና ይቅርታ ይደረግልንና አንድ ነገር እንበል። ያ ድንቅ ሥርዓት የሚቀበለው የአገር ልጅን ነው። ገመዱ የሚይዘው ገመዱን የሚያውቀውን ብቻ ነው። ለዘመድ ቤቱን የከፈተ ሰው እንግዳ ተቀባይ ይባል ይሆን? ይባላል፤ ግማሹን መንገድ ሄዷልና። ቁምስና ግን የዘመድ ማኅበር ስላልሆነች ቀሪውን ግማሽ መሄድ ግዴታዋ ነው። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ሦስቱን መንገደኞች ሲቀበል አስቀድሞ እግራቸውን አስታጠበ፣ እንጀራ አቀረበ፤ የማን ልጆች እንደሆኑ አልጠየቀም። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ያማረ ልብስ የለበሰውን «በዚህ ተቀመጥ»፣ ድኻውን «አንተ እዚያ ቁም» የሚሉትን ሲገሥጽ፣ በመቀመጫ ነገር ላይ ይህን ያህል መናገሩ ነገሩ ትንሽ ስላልሆነ ነው።

ከንግግር ይልቅ የሆነ ነገር እንንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር በአንድ ማደሪያ የሚኖር፣ አገሩ ሩቅ የሆነ ጓደኛችን አባቱ ሞተበት። መርዶው በስልክ መጣ። መንገዱ ዝግ ስለነበረ መሄድ አልቻለም። እኛ ስምንት ልጆች በአልጋው ዙሪያ ተቀመጥን፤ ምን እንደሚባል ግን አናውቅም። በአገራችን ለቅሶ የሚመራው ትልቅ ሰው ነው፤ ተማሪ ለቅሶ መምራት አልተማረም። ይህ ልጅ ስሙን በማንጠራው አንድ ቁምስና ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ሳያጓድል ሄዷል። ሁለታችን ወደዚያ ሄደን ለአንድ የኮሚቴ አባል ነገርናቸው። «እድር አለው?» አሉን። የለውም፤ ተማሪ እድር አይገባም፤ መዋጮ አይከፍልም፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ይሄዳል። «ማን ነበር ስሙ?» አሉን ደግሞ። ስሙን ነገርናቸው፤ መልኩን ነገርናቸው፤ ከኋላ ከምሰሶው አጠገብ የሚቆመው አልናቸው። ሊያስታውሱት ሞከሩ፤ አላወቁትም። በጸሎት እንደሚያስቡት ነግረውን ተመለስን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለማያውቁት ሰው እንዴት እንደሚለቀስ ቢጠፋቸው ነው።

ማታ ላይ ከግቢው በር ውጭ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ነገሩን ከአንደኛችን ሰሙ። ሙስሊም ናቸው። እሳቱን አጥፍተው፣ ረከቦቱን ለልጃቸው አስይዘው መጡና ጥበቃው ወደ ውስጥ ስለማያስገባቸው ልጁን አስጠሩት። በበሩ ጥግ መሬት ላይ አስቀምጠውት አጠገቡ ተቀመጡ። «የአባትህ ስም ማን ነበር ልጄ?» አሉት። ነገራቸው። ያንን የማያውቁትን ሰው በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት። ልጁ መርዶ ከሰማ ጀምሮ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ሌሎች ሴቶች መንገድ ሲያልፉ ቆመው ተቀመጡ፤ አንድ ባለባጃጅም ሞተሩን አጥፍቶ ኮፍያውን አወለቀ። በማግሥቱም ቆሎና ቡና ይዘው መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

እንግዲህ ጥያቄው ከሽማግሌው ጥያቄ እምብዛም አይለይም። ሁለቱም የአባት ስም ጠየቁ። እናታችን ግን የጠየቁት ለመለየት ሳይሆን ለማልቀስ ነው።

እድርን የነቀፍን እንዳይመስልባችሁ። እድር ያለ መዋጮ አይቆምም፤ ዛሬ ከፍሎ ነገ የሚሄድ አባልም ሒሳቡን ያፋልሳል። በዚህ ላይ የተነጋገርናቸው አንድ አባት «ልጆቼ፣ ተማሪ ወራጅ ውኃ ነው፤ ለወራጅ ውኃ ገንዳ አይሠራም» አሉን። ምሳሌው ያምራል፤ ነገር ግን አልተስማማንም። የእርሳቸው ሁለት ልጆች አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አዳማ የተከራዩ ናቸው፤ እዚያ እነርሱም ወራጅ ውኃ ናቸው። ይህን ብንላቸው ዝም ብለው ቆዩና «እናንተ የዛሬ ልጆች መልስ አታጡም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን እሑድ እሑድ እየጠሩ ሰላም ይሉናል።

እንግዳ ተቀባይነት ከበጎ ምኞት አልፎ ቤትና ሥርዓት ሲያገኝ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዩኒቨርሲቲያችን በዚያው በሆሳዕና መንገድ ትንሽ እልፍ ሲሉ የአጣጥ ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች የሚባሉት ደናግል ናቸው። በሆስፒታሉ ግቢ የእናቶች ማቆያ አለ፤ ምጥ ያስቸግራታል ተብላ የምትፈራ ነፍሰ ጡር ሴት ምጧ ሳይመጣ አስቀድማ ከሩቅ መንደር መጥታ፣ ከሚረዳት ዘመድ ጋር የራሷን ምግብ እያበሰለች ቀኗን የምትጠብቅበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለው የ22 ዓመት መዝገብ ተጠንቶ ነበር። በማቆያው ከቆዩት መካከል በ100,000 በሕይወት በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሞቱት እናቶች 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ነበሩ። በቀጥታ የሚመጡት ብዙዎቹ ከተጨነቁ በኋላ ስለሚመጡ ልዩነቱ ሁሉ የጎጆዋ ሥራ ነው አይባልም። ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው። ያዳናት ቀድማ መምጣቷና ስትመጣ የምትተኛበት ቦታ ተዘጋጅቶ መገኘቱ ነው። በጭንቅ ሰዓት የሚከፈት በር ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የተከፈተ በር ነው። ጓደኛችን አባቱ ከመሞቱ በፊት ሁለት ዓመት ነበረው፤ ስሙን ለማወቅ ሁለት ዓመት ይበቃ ነበር።

እንግዳም በበኩሉ ደንብ አለው፤ ይህን ካልተናገርን ነገሩ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። በታሪካችን ሁለት ዓይነት እንግዳ አይተናል። አልፎንሱ ሜንዴዝ የተባለው ፓትርያርክ እ.ኤ.አ. በ1625 መጥቶ ያገኘውን ሁሉ እንደ አዲስ ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይካኑ፣ በዓሉም ይለወጥ አለ። ደም ፈሰሰ፤ በ1632ም ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1839 ዓድዋ የደረሱት አባ ያዕቆብ፣ ማለት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ ቋንቋውን ተማሩ፤ የአገሩን ልብስ ለበሱ፤ የግእዙን ሥርዓት ተቀበሉ። የዛሬው ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ የእርሳቸው ልጅ እንጂ የሜንዴዝ ልጅ አይደለም። እንግዲህ ከሶዶም ከአዲስ አበባም የምንመጣ ልጆች «በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም» የምትለውን ቃል ቢያንስ ለመጀመሪያው መንፈቅ በኪሳችን ብናኖር መልካም ነው። የአካባቢውን ቋንቋ ሰላምታ መማር አንድ ቀን አይፈጅም፤ ሽማግሌ ግን በቋንቋው ሰላም ሲባል ፊቱ ምን ያህል እንደሚፈታ ሞክራችሁ እዩት። ቆጮ አይስማማኝም የሚል ጓደኛም አለን፤ እስከ መቼ እንደሚጸና እናያለን።

የውጭውንም ዓለም ብናይ እኛው ራሳችን እንግዶች ሆነን ተቀባይ ያገኘንበት ዘመን አለ። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ ሮም የሚዘልቁ የኢትዮጵያ መነኮሳት ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ያርፉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያ ሆኖ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 አሳተመ። የሮም ሰዎች አልጋ ባይሰጡት ኖሮ መጽሐፉ በዚያ ዘመን አይታተምም ነበር። በየምሰሶው ጥግ ቆሞ ከሚሄደው ተማሪ መካከል ማን ምን እንደያዘ በምን ይታወቃል?

ወደ ሥራው እንመለስና የተነጋገርንበትን በአጭሩ እንናገር። ከቁምስናው አባቶችና ከመዘምራኑ ጋር ሁለት ጊዜ ተሰብስበናል። አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ሰሞን በመጀመሪያዎቹ አራት እሑዶች ሁለት ሁለት ሰው በበሩ ይቆማል፤ አንዱ ከነባሩ ሕዝብ፣ አንዱ ከተማሪ። የሚጠይቁት ስሙን፣ ቋንቋውን፣ ያደገበትን ሥርዓትና የሚሠራውን ነው፤ ስለ ብሔሩ አይጠይቁም። ስሙ በመዝገብ ይገባል፤ ስሙን የጻፈውም ሰው በሚቀጥለው እሑድ በስሙ ሊጠራው ኃላፊነት አለበት። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል መስሎን ነበር፤ ስንሞክረው ከባዱ እርሱ ሆነ፤ ስም ይረሳል። የመዘምራኑ መሪ ደግሞ «እንግዳን ከሁሉ በፊት ሥራ ስጡት» አሉን። እውነታቸውን ነው። ቡና ተጋብዞ የሚቀመጥ ሰው እስከ መጨረሻው እንግዳ ነው፤ ወንበር ያነሣ፣ ውኃ የቀዳ፣ ከበሮ የያዘ ሰው ግን በሦስተኛው ሳምንት የቤት ልጅ ነው። ባለፈው ጊዜ አንዲት የነርስነት ተማሪ ከቅዳሴ በኋላ የአረጋውያንን የደም ግፊት እንድትለካ ተደረገ፤ ዛሬ በሰፈሩ የማያውቃት እናት የለችም፤ እንዲያውም ለማን ትዳር የሚለው ክርክር ተጀምሯል።

ስለ ለቅሶው ነገር ከሁሉ በላይ ያሰብንበት ሲሆን ገና አልጨረስነውም። አባቶች ተማሪ በእድር ይመዝገብ የሚለውን አልተቀበሉም። በምትኩ ያቀረቡት ተማሪ መርዶ ሲመጣበት በመዝገቡ ስሙ ያለ ከሆነ፣ በአቅራቢያው ያሉ ሦስት ቤተሰቦች ሦስት ቀን እንዲያስቀምጡት ነው። እኛ «በመዝገቡ ስሙ ያለ ከሆነ» የሚለው እንዲወጣ ጠይቀናል። በሚቀጥለው ስብሰባ ይወሰናል። የቡታጅራ ጓደኞቻችንም በዚያ ያለውን ሁኔታ ጽፈው እንዲልኩልን ነግረናቸዋል፤ በዚያ ተማሪው ጥቂት ስለሆነ አሳሳቢው በመስቀል ቀን ብቻቸውን የሚውሉት ሠራተኞች ናቸው፤ ሁሉም ቤተሰቡን ሲጠራ በራፋቸውን ዘግተው የሚውሉ አስተማሪዎችና ነርሶች አሉ።

ከእናንተ መካከል በሌላ ቤተ እምነት ያላችሁ፣ በመስጊዱም ሆነ በደብሩ ወይም በጸሎት ቤቱ ለአዲስ ተማሪ የሚደረገው አቀባበል ምን እንደሚመስል ብታውቁ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ጽፋችሁ ስጡልን። በተለይ ስለ ለቅሶ። በበሩ የሚቆሙት ሰዎች ስም እስከ አሁን ስድስት ደርሷል፤ ስምንት እንፈልጋለን።